ነጩን ጉልላት በቀኝ

ሄሊኮፕተሩ ዶንግማ በር ከሚባለው የተራራ ማለፊያ ወዲያ ማዶ፣ ያክ የሚባሉት ጠጉራም ከብቶች በሚግጡበት መስክ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ጅራቱ ተገንጥሎ ቁልቁል ተንከባሏል። አናቱ ላይ በሚሽከረከረው ክንፍ ዙሪያ የጸሎት ባንዲራ ተጠምጥሞበታል፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ሁለት ሰው የሞተበት ብረት ለሰርግ ያጌጠ ይመስል ነበር።

ሃምሳ አለቃ ኒምዲኪ ጓንቷን አውልቃ ባንዲራዎቹ የተሰፉበትን ገመድ በሁለት እጇ ጎተተችው። ንቅንቅ አላለም።

«ዳይ፣ ይኼ እኮ ገመድ አይደለም» አለችኝ፤ ታላቅ ወንድም ማለቷ ነው። «ሽቦ ነው። የድልድይ ሽቦ።»

«እና?»

«እናማ አደጋ አይደለም። ሰው ነው ሰማይ ላይ ወጥመድ የዘረጋባቸው።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ባሂኒ፣ ታናሽ እህቴ። ገና ቁርስ እንኳ አልበላንም።»

«እርስዎ ደግሞ ሁሌ ሆድዎ!»

እኔ ሀርካ ቱሉንግ እባላለሁ፤ የዚህ ሸለቆ ፖሊስ ኢንስፔክተር። የራይ ጎሳ ሰው ነኝ፣ ከታች ከወይናደጋው። እዚህ ሸርፓዎች አገር ሲመድቡኝ ጓደኞቼ የሞትኩ ያህል ተላቅሰው ሸኙኝ። አሁን የዝውውር ወሬ በተሰማ ቁጥር ጉንፋን ይዞኛል ብዬ የምተኛው እኔው ነኝ። የዶንግማን ድንች በቅቤና በቃሪያ የቀመሰ ሰው ወደ ካትማንዱ ጭስ ለምን ይመለሳል? ደስተኛ ሰው ነኝ። ደስተኛ ሰው መርማሪ ሲሆን አንድ ጥቅም አለው፤ የሚጎረብጥ ነገር ሲመጣ ቶሎ ይሰማዋል።

ይኼኛው ከመጀመሪያው ጎረበጠኝ።

ሄሊኮፕተሩ እንግዶችን ከካትማንዱ እያመጣ ታላቁን ተራራ፣ ቾሞሉንግማን፣ የሚያስጎበኝ ነበር። በዶንግማ በር ይገባል፣ ተራራውን ያሳያል፣ በወንዙ ሸለቆ ወርዶ ይመለሳል። ያን ቀን ሦስት ሰዎች ነበሩበት። አንዱ ካልዴን ነው፤ የዶንግማ ልጅ፣ ከዚህ መንደር የወጣ የመጀመሪያው አብራሪ። ሌላው ሃን የሚባሉ፣ ከኮሪያ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ። ሦስተኛው ካፒቴን ኡዳያ ባስኔት፤ የድርጅቱ ባለቤት፣ በዘመኑ ስሙ የገነነ አብራሪ። የተረፈው ካፒቴኑ ብቻ ነው። የመንደሩ ሰዎች ሲደርሱ ሁለቱን ሬሳዎች በአንድ እጁ ጎትቶ ሣሩ ላይ አስተኝቷቸው፣ በመሃላቸው ቁጭ ብሎ አገኙት።

«ባንዲራውን ማን እንዳሰረው ታውቂያለሽ?» አልኳት ኒምዲኪን።

ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። የዶንግማ ሰው ናት፤ ማወቁንስ ታውቃለች።

«ጊያልቡ ነው» አለች በመጨረሻ። «የካልዴን አሳዳጊ።»

*

ጊያልቡ በመንደሩ ጫፍ፣ ወደ በሩ በሚወጣው መንገድ ላይ የመንገደኛ ማረፊያ አለው። ሄሊኮፕተር ከመጣ ወዲህ በእግሩ የሚወጣ እንግዳ ቀንሶበታል። ባለፈው ገበያ ቀን በሕዝብ ፊት ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ «አንድ ቀን ጎትቼ አወርዳችኋለሁ!» ብሎ መፎከሩን ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሳይቀሩ ነግረውኛል። ካልዴን ደግሞ የሚስቱ የቻምጂ የወንድሟ ልጅ ነው፤ እናት አባቱን በሕፃንነቱ አጥቶ እነሱ ቤት ነው ያደገው።

በሩን ሳንኳኳ ጊያልቡ ራሱ ከፈተልኝና ሁለት እጁን አጣምሮ ዘረጋልኝ።

«እሰረኝ።»

«ደህና አደሩ፣ ጊያልቡ ዳይ። መጀመሪያ ልግባ።»

«ምን ትገባለህ? ያሰርኩት እኔ፣ ሽቦ ያደረግኩት እኔ። ገመድ ነፋሱ በየዓመቱ ይበጥስብኛል ብዬ የድሮውን ድልድይ ሽቦ ቆርጬ አመጣሁ። እንዳይበጠስ ብዬ! ይኸው፣ ሄሊኮፕተሩን እስኪጥል ድረስ አልተበጠሰም።»

እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት አልወድም፤ ወደ ጓዳው አየሁ። ምድጃው ጠፍቷል። በዚያ ቤት ምድጃ ጠፍቶ አይቼ አላውቅም። ቻምጂ አመዱ አጠገብ ተቀምጣለች።

«እሱን ተወው» አለችኝ ቀና ሳትል። «ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ አንቺ!»

«አንተ ዝም በል! ሽቦህን ዓይን ያለው ሰው ያየዋል። የኔን ግን ዓይን አያየውም።»

በሥራዬ አንድ የሚያምን ሰው ማግኘት መከራ ነው። እዚህ ቤት ጥፋቱን ለመውሰድ ባልና ሚስት ይሻማሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «ዲዲ፣ ታላቅ እህቴ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ጠዋት ከታች መስኩ ላይ አርፈው ቁርስ ሊበሉ መጡ። ካልዴን ሴት ልጅ ተወልዳለት ገና አልጠጣንላትም ነበር። እንዴት ባዶ አፉን ልሸኘው? ቻንግ ቀዳሁለት። መጀመሪያ አይሆንም አለ፤ ቀጥሎ ከካፒቴኑ ጋር ውጭ ትንሽ ተነጋግሮ ገባና ተቀበለኝ። በጣቱ ነክሮ ለአማልክቱ ረጨ፣ ጠጣ። ደግሜ ሞላሁ፣ ጠጣ። ሦስተኛውን ስሞላ እየሳቀ 'ሙዪው አክስቴ፣ ዛሬ እኔም እንግዳ ነኝ' አለኝ።» አፏን በመቀነቷ ሸፈነች። «እኔ ቤት መቼ እንግዳ ሆኖ ያውቃል? እኔ ነኝ ያሳደግኩት።»

በሸርፓ ቤት ለእንግዳ ቻንጉ፣ ያ የእህል ጠላ፣ ሦስት ጊዜ ይሞላለታል፤ ሦስተኛውን ያልጠጣ ቤቱን እንደናቀ ይቆጠራል። እኔም በዚህ ሕግ ብዙ ጊዜ ወድቄያለሁ።

«ሲነሡ አየሻቸው?»

«ድምፁን ሰማሁ እንጂ አላየሁም። ያ ኮሪያዊ ሽማግሌ ግቢው ውስጥ ቆሞ ተራራውን አይቶ አልቅሶ ነበር፤ ሻርፕ አንገቱ ላይ አጠለቅኩለትና ገብቼ ዕቃ ማጠብ ያዝኩ።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ሀርካ፣ አንድ ነገር ብቻ አጣራልኝ። ልጄን የገደለው ጽዋዬ ነው ወይስ የሱ ሽቦ? አንዱን እወቀውና እንረፍ። ሁለታችንም በአንድ ቤት እንዲህ ሆነን መኖር አንችልም።»

ይህን ሁሉ ዓመት የፖሊስ ሥራ ስሠራ እንደዚህ ያለ አደራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። እሺ አልኳት።

*

ካፒቴን ባስኔት በመንደሩ ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቀኝ ክንዱ በጨርቅ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጤና ረዳቱ የቀኝ ትከሻው አጥንት መሰበሩንና ደረቱም በሰያፍ መበለዙን ነገረኝ። ጠጉሩ የሸበተ፣ ቁመናው ያማረ ሰው ነው። ሻይ አመጡልን። እሱ ብርጭቆውን ሊያነሣ እጁን ሰደደና ባዶ ጠረጴዛ ዳበሰ፤ ሁለተኛ ሞክሮ አገኘው። የደረሰበትን አስቤ አዘንኩለት።

«የት ነበር የተቀመጡት?» ስል ጠየቅኩት።

«ከኋላ፣ ከእንግዳው ጋር።»

«እንግዳው ማለት?»

«ሚስተር ሃን። እኛ ተሳፋሪ አንልም፣ እንግዳ ነው የምንለው። ካልዴን ከፊት ብቻውን ነበር።»

«መሪውን የያዘው እሱ ነበር ማለት ነው።»

«ሌላ ማን ይይዛል?» ተነፈሰ። «ኢንስፔክተር፣ ስለ ሞተ ሰው ክፉ መናገር ይከብደኛል። ቻንግ ሸቶኝ ነበር። ማስቆም ነበረብኝ። አላስቆምኩትም፤ ይኼ ዕድሜ ልኬን ይከተለኛል።»

«በመጨረሻ ምን ሆነ?»

«ከመንደሩ ተነሥተን ወጣን። በሩ ላይ ደመና ነበር፣ ግን ያሳልፋል። በሩ መሃል ወዳለው ነጭ ጉልላት ስንጠጋ ካልዴን መጮህ ጀመረ። 'በግራ! በግራ!' ይላል። ምን እንደታየው እንጃ። የሰከረ ሰው ነገር። ከዚያ አንድ ነገር ጎተተን።»

«'በግራ' አለ?»

«ሁለት ሦስት ጊዜ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ይህንን ልመስክርለት።

*

በማግስቱ የወረዳው ሐኪም ደወለችልኝ። ሬሳዎቹን መርምራ ጨርሳለች።

«አብራሪው ጠጥቷል» አለችኝ። «ብዙ አይደለም፣ ግን ጠጥቷል። የሞተው ራሱን ተመትቶ ነው። የግራ ትከሻው አጥንትም ተሰብሯል። ሽማግሌው ደግሞ ወገባቸው ላይ ብቻ ነው ቀበቶ የበለዘው፤ እሳቸውን የገደላቸው የውስጥ መድማት ነው።»

ስልኩን ከመዝጋቴ አለቃዬ ከታች ደወለ። «ሀርካ፣ አለቀ አይደል? ሰክሮ ሽቦ ውስጥ ገባ። ሽማግሌውን በሽቦው ክሰሰው፣ ሟቹን በመጠጡ ዝጋው፣ ውረድ።»

«ጥቂት ቀን ይስጡኝ።»

«ምን ቀርቶህ?»

«ድንች» አልኩት፤ ሳቀና ዘጋው።

ድንቹስ ቀርቦልኝ ነበር፣ ግን አልወረደልኝም። ኒምዲኪ ፊት ለፊቴ ቆማ በቁጣ ታየኛለች።

«ብላ እንጂ! ምን ቀረህ? የካልዴንን ስም ቀበርክ፣ ጊያልቡን ልታስር ነው፣ ቻምጂ ዕድሜ ልኳን አመድ ላይ ትቀመጥ!» ስትናደድ አንተ ትለኛለች። «ታውቃለህ መንደሩ ምን እያለ ነው? 'ስካር ነው ሰው የፈጀው' እያለ ነው። የካልዴን ሚስት ጨቅላ ታቅፋ ከቤት መውጣት ፈርታለች።»

«ተቀመጪና አንቺም ብዪ።»

«አልበላም!»

«እንግዲያው ጫማሽን እሰሪ። በሩን ደግሜ ማየት እፈልጋለሁ።»

*

ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጊያልቡ «ልታስረኝ ካልሆነ አልለይህም» ብሎ ከኋላችን ተከተለ፤ ለስድሳ ዓመት ሰው አካሄዱ ያስቀናል። አቀበቱን ስንጨርስ በበሩ መሃል ነጩ ጉልላት ብቅ አለ። ሸርፓዎቹ ቾርተን ይሉታል፤ የቅዱስ አጽም አለበት ይባላል። ሦስታችንም ሳንነጋገር ወደ ግራ ታጥፈን በቀኛችን ትተነው አለፍን። ወጪ በግራ በኩል ያልፋል፤ ከላይ የሚወርደው ደግሞ በራሱ ግራ፣ ማለትም በወዲያኛው በኩል። ሁሉም ጉልላቱን በቀኙ ይተወዋል። እኔ ራይ ብሆንም እግሬ ከለመደው ቆይቷል።

ካለፍን በኋላ ቆም አልኩ። የሽቦው ትራፊ የታሰረበት የእንጨት ምሰሶ በወዲያኛው በኩል፣ በወራጁ መንገድ ላይ ቆሟል። በግራው በኩል ምንም የለም፤ ንጹሕ ሰማይ ነው።

«ጊያልቡ ዳይ፣ ለምን በዚያ በኩል አሰሩት?»

«በወራጁ በኩል ነዋ። ከላይ ደክሞት የሚመጣ መንገደኛ ከሥሩ ሲያልፍ ይባረክ ብዬ።»

«ሄሊኮፕተሩስ?»

«ሄሊኮፕተር መች በዚህ ይወርዳል? በዚህ ይገባል፣ በወንዙ ይወጣል።»

«ሲገባስ?»

በየትኛው እጅህ ትበላለህ ብዬ የጠየቅኩት ይመስል አየኝ።

«ሲገባማ በግራ ነው! ካልዴን እኮ ነው የሚያበረው። ይህን ሁሉ ጊዜ ጉልላቱን በግራው ትቶ ያለፈበት ቀን የለም። የካትማንዱ አብራሪዎች 'በሰማይም መስገድ አለብህ ወይ' እያሉ ይቀልዱበት ነበር።» ምሰሶውን በእጁ መታ መታ አደረገው። «ይህንንስ አብሮኝ የተከለው ማነው? እሱ። 'አጎቴ፣ በዚያ በኩል እሰረው፣ እኔ በዚያ አላልፍም' ብሎኝ ነው። እኔማ በአፌ ብፎክር ልጄን ላወርድ ኖሯል?»

ኒምዲኪና እኔ ተያየን።

«ግን ጠጥቶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጠጥቶ ቢስትስ?»

ጊያልቡ ተቆጣ። «አንቺ ስትጠጪ ምግብ በአፍንጫሽ ትበያለሽ? ይኼ የሚሳት ነገር ነው? ሰክሬ ገደል አፋፍ ላይ ያደርኩ ሰው ነኝ፤ ጉልላቱን ግን በቀኜ ትቼ ነው ገደሉ ጋ የደረስኩት!»

ከዚያ ቀን በፊት በዚያ በር ላይ ሰው ስቆ አያውቅም ለማለት አልደፍርም፤ እኛ ግን ሳቅን፣ ጊያልቡም ሳይወድ ሳቀ። ወዲያው ፊቱ ተመለሰ።

«ታዲያ እንዴት እዚያ በኩል ገባ?» አለኝ።

 ወደ መስኩ ወርጄ በስብርባሪው ውስጥ በሆዴ ገባሁ። ሆዴ ለእንዲህ ያለ ሥራ አልተፈጠረም፤ ኒምዲኪ እግሬን ይዛ ገፋችኝ። የኋላውን ወንበር ቀበቶ ጎተትኩ። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው። የፊቶቹን ሁለት ጎተትኩ። እንደ መኪና ቀበቶ ከበሩ በኩል በትከሻ ላይ የሚወርዱ ናቸው፤ የግራው ወንበር በግራ ትከሻ፣ የቀኙ በቀኝ ትከሻ።

«ኒምዲኪ!» አልኩ ከውስጥ። «በዚህ ሄሊኮፕተር መሪው በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ ነዋ፣ እያዩት!»

ስወጣ ፊቴ ጭቃ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ፊቴ ላይ ያየችው ነገር ነበር መሰለኝ።

«ምን አገኙ?»

«ረሃብ» አልኳት። «የምግብ ፍላጎቴ ተመልሶልኛል። እንውረድ።»

*

ካፒቴኑን የሚወስደው ሄሊኮፕተር ከታች ሳይሆን ከበሩ ማዶ፣ ስብርባሪው ባለበት መስክ ላይ እንዲያርፍ አደረግኩ። «አብረን እንውጣ፤ እዚያ ስንደርስ አንድ ሁለት ነገር ያሳዩኛል» አልኩት። እምቢ አላለም። ቀስ እያልን ወጣን፤ ኒምዲኪ ሻንጣውን ይዛለታለች። በመንገድ ላይ ስለ ድሮ በረራዎቹ አወራኝ። ጥሩ ጨዋታ ያውቃል። ድንጋይ ሲመጣ ግን እግሩን ከፍ አድርጎ እየፈተሸ ነበር የሚረግጠው።

ጉልላቱ ጋ ደረስን። ኒምዲኪ ወደ ግራ ታጠፈች። እኔ ቆምኩ። ካፒቴኑ ወሬውን ሳያቋርጥ በቀኝ በኩል፣ አጭር ሆኖ በታየው መንገድ ገባ።

«ካፒቴን» አልኩት።

ዞረ። እኔ ወዲህ ማዶ፣ እሱ ወዲያ ማዶ፤ በመሃላችን ነጩ ጉልላት።

«ምነው?»

«በዚያ በኩል ለምን ሄዱ?»

«በዚህ በኩልማ...» ዙሪያውን አየ። «መንገድ አይደለም እንዴ?»

«ነው። የወራጅ መንገድ ነው። የዶንግማ ሰው ወደ ላይ ሲወጣ በዚያ አያልፍም። ካልዴን በእግሩም በክንፉም አላለፈም። የተበጠሰው ሽቦ ተዘርግቶ የነበረው አሁን ከቆሙበት በላይ ነው።»

ቀና ብሎ አየ። ምሰሶውን ለማግኘት ጥቂት ፈለገው።

«ጠጥቶ ነበር እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

«ጠጥቷል። ትከሻዎ እንዴት ሆነ?»

«ምን?»

«ቀኙ ትከሻዎ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ወገቡ ይበለዛል፤ ሚስተር ሃን እንደዚያ ነው የሆኑት። የርስዎ ደረት በሰያፍ ነው የበለዘው፣ የተሰበረውም ቀኝ ትከሻዎ ነው። የካልዴን ግራ ትከሻው ነው።»

የታሰረ ክንዱን በግራ እጁ ደገፈ። 

«ሌላም አለ» አልኩት። «እሱን ደግሞ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። 'በግራ! በግራ!' እያለ ጮኸ አሉኝ።»

«አዎ። ጮኾ ነበር።»

«መሪ የያዘ ሰው 'በግራ' ብሎ ይጮሃል? መሪ የያዘ ሰው በግራ ይሄዳል። የሚጮኸው መሪው ሰው እጅ ላይ ሲሆን ነው።»

ጉልላቱን ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ። ኒምዲኪ ሻንጣውን አስቀመጠች። ብዙ ጊዜ ወንጀለኛ ሲያምን ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን ግን አልቸኮልኩም፣ እኔም ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ዓይኔ ነው» አለ። «በመጨረሻው ምርመራ መብረር ከለከሉኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ካልዴንም አያውቅም። ያን ጠዋት ተራራው እንዲህ ጠርቶ ሳየው አልቻልኩም። ውጭ ጠርቼው 'ከዚህ በኋላ እኔ ላብርር፣ አንተ ዛሬ አብረህ ተቀመጥ' አልኩት። ደስ አለው። እንዲያውም 'እንግዲያው የልጄን መጠጣት እችላለሁ' አለኝ።»

«ከመጠጣቱ በፊት ነው ያሉት?»

«ከመጠጣቱ በፊት። እሱማ መሪ የሚይዝ ቢሆን አይቀምስም ነበር። አሥር ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ አይቀምስም።» እንባው ወረደ። «በበሩ መሃል ነጭ ነገር አየሁ፤ ደመናው ይሁን ጉልላቱ አልለየሁትም። 'በግራ' ሲለኝ 'ግራህን ተመልከት' ያለኝ መሰለኝ። ወደ ግራ ዞሬ አየሁ። ዓይኔ ምንም አላሳየኝም።»

«ከዚያስ ለምን ዋሹ?»

«ሣሩ ላይ አስተኝቼው ሳለ ቻንግ ሸተተኝ። ሰው እስኪመጣ ድረስ አጠገቡ ተቀምጬ... እሱ ሞቷል፣ እኔ አለሁ አልኩ። እንዲህ በቀላሉ ነው።»

ኒምዲኪ «ሴት ልጁ እኮ ገና ስም አልወጣላትም» አለችው።  ከስድብ ሁሉ ይኼ ነው የቆረጠው።

ሄሊኮፕተሩ መጥቶ ካፒቴኑን ከሁለት ፖሊሶች ጋር ወሰደው። ከመሳፈሩ በፊት ካፒቴኑ ተመልሶ ጉልላቱን በቀኙ ትቶ በግራ በኩል ዞረ።  የቀረው የዳኞች ሥራ ነው።

*

ጊያልቡና ቻምጂ ቤት ስገባ እንደተውኳቸው ነበሩ። እሱ በር አጠገብ፣ እሷ ምድጃው ሥር። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ በመሃላቸው ወድቃለች።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ዓይኑ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ 'በግራ'። ጊያልቡ ሰምቶ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ።

«ሽቦው ግን የኔ ነው።»

«ሽቦው የእርስዎ ነው፤ ቦታው የካልዴን ነው። እሱ በመረጠው በኩል ነው ያሰሩት። ለወደፊት ግን ገመድ ይሁን፤ ይበጠስ፣ በየዓመቱ እንቀይረዋለን። እኔም አግዛለሁ።»

«አንተ? በዚህ ሆድ?»

«ከታች ቆሜ ጫፉን እይዛለሁ።»

ፂሙ ውስጥ ፈገግታ መሳይ ነገር አየሁ። ቻምጂ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ጽዋዬስ?» አለች።

«ዲዲ፣ ካፒቴኑ ውጭ ጠርቶ ሲያነጋግረው አይተሻል አይደል? መሪውን እወስዳለሁ ያለው ያኔ ነው። ካልዴን ገብቶ ጽዋሽን የተቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስተኛውን ስትሞዪለት ምን አለሽ?»

«'ሙዪው አክስቴ...'»

«ጨርሺው።»

«'ዛሬ እኔም እንግዳ ነኝ'።»

«እነሱ ተሳፋሪውን እንግዳ ነው የሚሉት።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቷ ላይ ሲገባ አየሁት። መቀነቷን ከአፏ ላይ አወረደች፤ ከንፈሯ ቃሉን ድምፅ ሳያወጣ ደገመው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ አለቀሰች። ቀደም ሲል ያለቀሰችው እንደ ወንጀለኛ ነበር፤ አሁን እንደ እናት አለቀሰች። ጊያልቡ ከበሩ ተነሥቶ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ትከሻዋን ያዘ። እኔም ዓይኔን ጠረግኩ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ብዙ ሳትቆይ ተነሣች። አመዱን ጠርጋ ጭራሮ ደረደረች፣ እሳቱን አያያዘች። ድንች ጣደች። ከማዕዘኑ ቻንጉን አወጣችና ጽዋ ይዛ ፊቴ ቆመች። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ አልቀምስም፤ ይህንን ጠንቅቃ ታውቃለች። ስትቀዳልኝ ግን እጄን አልከለከልኩም። ጣቴን ነክሬ ረጨሁ፣ ጠጣሁ። ደግማ ሞላች፣ ጠጣሁ።

ሦስተኛውን ልትቀዳ ማንቆርቆሪያውን አነሣችና ቆመች።  ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስተኛ ጽዋ ሞልታ አታውቅም። ዓይኔን አየችው፤ እኔ እንድናገር ትጠብቃለች። ምን እንድል እንደምትፈልግ ዐወቅሁ።

ጽዋዬን ዘረጋሁላት።

«ሙዪው፣ ዲዲ» አልኳት። «ዛሬ እኔም እንግዳ ነኝ።»

እስከ አፉ ሞላችው።